አራት ሸሚዝ ዕረፍት

ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ

ሦስት ሱሪ አሳጠርኩ። የአንድ ኮት ገበር ቀየርኩ። የባንኩ ዘበኛ መጣና "ዩኒፎርሙ ጠበበኝ" አለ። ዩኒፎርሙ አልጠበበም፤ ሆዱ ነው የሰፋ። አልነገርኩትም። ደንበኛ ነው።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሱቁን ዘግቼ፣ ደብል ቤዜን፣ ያን ወፍራም ድምፅ ያለውን ባለ አውታር መሣሪያ፣ ተሸክሜ ወደ ልምምድ። ደረጃው ላይ እንደ ልማዴ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ሰው ይህን መሣሪያ ተሸክሜ ሲያየኝ ለምን እንደሚስቅ አይገባኝም... ከኔ ስለሚረዝም ይሆናል።

ልምምዱ ያው ነው። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ሠላሳ አንድ ሰው፣ አልዘጋ ያለው መስኮት። ኦቦ የሚባለውን ቀጭን የእንጨት መሣሪያ የሚነፋው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቫዮሊኖቹን የምትመራው ፋርማሲስት ናት። እኔ ልብስ ሰፊ። ማክሰኞና ሐሙስ ግን ሙዚቀኞች ነን፤ ማንም እንዳይከራከረኝ። ኦርኬስትራውን የሚመሩት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ "መምህር" ነው የምንላቸው።

ዛሬ ጨርቁን አሳየኋቸው። ሁለት ሜትር ነጭ ጨርቅ፣ በቀይ ክር የጠለፍኩት፦ "በክፍሎቹ መሀል አይጨበጨብም"። አራት ቀን ፈጅቶብኛል። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩት። "ፊደሎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው" አሉ። ከሳቸው አፍ ይህ ምርቃት ነው።

እሁድ በር ላይ ይሰቀላል። ሲምፎኒው አራት ክፍል አለው። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ትንሽ ጸጥታ ይሆናል፣ ከዚያ ቀጣዩ ይጀመራል። ሰው ግን ሁሉም ያለቀ ይመስለውና ያጨበጭባል። ያኔ የመምህር ትከሻ ሲኮማተር ከቆምኩበት ይታየኛል። "ዝምታውም የሙዚቃው አካል ነው" ይላሉ። ልክ ናቸው።

ጥቅምት 8፣ ሐሙስ

ሁለተኛው ክፍል ላይ ሃያ ስምንት ባር ዕረፍት አለብኝ፤ ባር የምንለው የሙዚቃውን ምት የምንሰፍርበትን ነው። ሌላው ሲጫወት እኔ ቆሜ መቁጠር። ሌሎቹ በጣታቸው ነው የሚቆጥሩት። እኔ በሸሚዝ። አንድ ሸሚዝ ሰባት ቁልፍ አለው፤ ለእያንዳንዱ ባር በልቤ አንድ ቁልፍ እተክላለሁ። አራት ሸሚዝ ሲሞላ እገባለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ስቼ አላውቅም።

ለማንም አልተናገርኩም፤ ይስቁብኛል። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ብቻ ታውቃለች።

ጥቅምት 10፣ ቅዳሜ

ምሳ እትዬ ቤት። ሳንኳኳ ከውስጥ፣ "ሚስትህስ?"

ቤዙን ነው። እስከ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ሳላገባ የቀረሁት በእሱ ምክንያት ነው ብላ ታምናለች።

"ቤት ትቻት መጣሁ፣ አኩርፋለች።"

"እንኳን አኮረፈች። እስካሁን አንተን ችላ መኖሯም ይገርመኛል።"

እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ፣ እትዬ አሥራ ስድስት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሠርታለች፣ አሁንም እዚያው ናት። እጇ ምንም ቢሆን ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ከኮንሰርቶቻችን አንዱም አምልጧት አያውቅም። ሦስተኛ ረድፍ፣ ዳር ላይ። ለነገ ሰማያዊውን ቀሚስ ተኩሳ ሰቅላዋለች፤ እኔ ነኝ የሰፋሁላት፣ ክንዱ ጋ ትንሽ ጠበብ ብሏል፣ እሷ ግን "ልክ ነው" ብላ ድርቅ ትላለች።

"እኔ እኮ ሌላው ሰው ሲያጨበጭብ ጠብቄ ነው የማጨበጭበው" አለች ሾርባውን እየቀዳች። "እንዳልሳሳት።"

ሳቅኩባት። ለምን ሳቅኩ?

ጥቅምት 11፣ እሁድ

አርባ ስድስት ሰው መጣ። ወንበሩ መቶ ሃያ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል እንዲህ ሆኖልን አያውቅም። መጨረሻው አካባቢ ሌላው ሁሉ ዝም ሲል ቤዙ ብቻውን ስድስት ባር ይወርዳል። ወረድኩ። አማረልኝ፣ ራሴን ላመስግን። ከዚያ ሁላችንም አንድ ላይ... አለቀ። ጸጥታ።

ከሦስተኛው ረድፍ ጭብጨባ። የአንድ ሰው ብቻ። ፈጣን፣ ጠንካራ። እትዬ ናት። ብድግ ብላለች። ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

የመምህር ትከሻ ተኮማተረ።

እኔም ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ፦ "ሽሽሽ!"

ከመድረክ! አዳራሹ ሙሉ ሰማው። ሰው ሳቀ። ብዙ አልሳቀም፣ ትንሽ ነው። እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። ከዚያ ቀሚሷን ወደ ጉልበቷ ሰብስባ ተቀመጠች።

ለዕረፍት ስንወጣ ወንበሯ ባዶ ነበር።

ጥቅምት 13፣ ማክሰኞ

መምህር ትከሻዬን መታ አድርገው "አበጀህ" አሉኝ። ቧንቧ ሠራተኛው ቀረብ ብሎ፣

"ሴትየዋ እህትህ አይደለችም እንዴ?"

"ናት።"

"ወይ ጉድ።" ኦቦውን መጥረግ ቀጠለ። እሱ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራኝ።

እትዬ አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ምን ብዬ? በር ላይ ተጽፎ የለም እንዴ? ሌላው አርባ አምስት ሰው አንብቦ ዝም ብሏል።

ጥቅምት 17፣ ቅዳሜ

በሩን የከፈተችው የእህቴ ልጅ ናት። ገና ከሥራ መግባቷ ነው፤ የአውቶቡስ ሹፌር ነችና ሰማያዊ ሸሚዟን እንኳን አላወለቀችም።

"ጋሼ... እማዬ ተኝታለች።"

ከጓዳ የድስት ክዳን ድምፅ ይሰማል። የተኛ ሰው ድስት አይከድንም። ልጅቷም ሰምታለች፤ መሬት መሬት አየች። አሳዘነችኝ። "በይ ደህና ዋዪ" ብዬ ተመለስኩ።

ምሳዬ ዳቦ በሻይ ሆነ። ኩራት ራት አይሆንም ይባላል። ምሳም አይሆንም።

ጥቅምት 24፣ ቅዳሜ

ዛሬ ራሷ ከፈተች። አስገባችኝ። ሾርባ ቀዳችልኝ። ጨው አቀረበችልኝ። "ሚስትህስ?" አላለችም። ጭራሽ "ቤት ያፈራውን ነው፣ አትፈር፣ ብላ" አለችኝ። እኔን! እዚያ ቤት ጥርሴን የነቀልኩትን ሰውዬ!

"እትዬ፣ ስለዚያ ነገር..."

"ስለየቱ ነገር?"

"ደንብ ነው እኮ። የትም አገር እንዲህ ነው። በር ላይም ተጽፏል።"

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ። ለማያውቅህ ሰው ትከሻውን ስትለካ እንኳን 'ይቅርታ፣ እጅዎን ትንሽ ያንሡልኝ' ነው የምትለው። እኔ ላይ ጣትህን አነሳህ። ያሳደግኩት ልጅ... ሰው ፊት።"

"ጣቴን አላነሳሁብሽም! እንዲህ ብቻ ነው ያደረግኩት..." አልኩና ጣቴን እንደገና ከንፈሬ ላይ አደረግኩት። እዚያው። ቤቷ ውስጥ። ሾርባዋን እየጠጣሁ።

ደደብ! እንዲህ ያለ ሰው አለ?

ጀርባዋን ሰጠችኝ። ኮቴን ይዤ ወጣሁ።

ኅዳር 9፣ እሁድ

ሁለተኛው ኮንሰርት። አሥራ ዘጠኝ ሰው። ከነሱም አምስቱ የኛው ሰዎች ባሎችና ሚስቶች ናቸው። ሦስተኛ ረድፍ ዳር ላይ ማንም አልተቀመጠም።

በክፍሎቹ መሀል አንድም ሰው አላጨበጨበም። ጨርቄ ሠርቷል። መጨረሻው ላይም ግን አላጨበጨቡም። አለቀ? አላለቀም? እርስ በርስ ሲተያዩ አየኋቸው፤ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱና መለሱት። መምህር ዘወር ብለው እጅ ከነሱ በኋላ ነው ጭብጨባው የጀመረው። ለስለስ ያለ፣ የፈራ ጭብጨባ። እንደሱ ዓይነቱን ከምሰማ ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።

ጨርቁን ከበሩ ላይ አውርጄ ጠቀለልኩት። ፊደሎቹ አሁንም ቀጥ ያሉ ናቸው።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ዛሬ አልተጫወትንም፤ ስብሰባ ነበር። ፋርማሲስቷ መድኃኒት የሚገዛውን ሰው ሁሉ "ለምን አትመጡም?" ስትል ሰንብታለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ስለራሳችን የሰማነው ዛሬ ነው።

"አንዷ፣ 'ሳሌ ቢመጣ ፈቃድ የምጠይቀው ማንን እንደሆነ አላውቅም' አለችኝ። አንዱ ደግሞ፣ 'ሙዚቃው ደስ ይለኛል፣ ግን ፈተና ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል።' ሌላዋ..." እዚህ ላይ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ሌላዋ፣ 'ያጨበጨበችን ሴት ከመድረክ ሆነው ሽሽሽ አሏት ሲባል ሰምቻለሁ' አለች።"

ማንም ወደ እኔ አላየም። ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ሰው አለማየት... ቀላል ነገር አይደለም።

መምህር፣ "ታዲያ ምን እናድርግ? ቀረርቶ እናሰማ?" አሉ።

ቧንቧ ሠራተኛው ነው የመለሰው። "ሰው ወደ እኛ ካልመጣ እኛ ወደ ሰው እንሂድ። ባለፈው ወር ቧንቧ የቀየርኩበት ቤት አለ። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። መፍቻዬ ወድቆ ድምፁ ሲያስተጋባ... መምህር፣ ቢሰሙት! ይህ አዳራሽ አጠገቡም አይደርስም።"

"የት ነው?"

"የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት።"

እትዬ እዚያ እንደምትሠራ ያውቃል? አያውቅም? ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

"ሰዎቹ እየሠሩ?" አሉ መምህር።

"እየሠሩ።"

እጅ ይውጣ ተባለ። ሃያ ሁለት ሰው ደገፈ። እኔ ደገፍኩ ወይስ አልደገፍኩም? እጄ ወጥቶ ነበር፤ ግን ጆሮዬን እያከኩ ነበር። ተቆጠረብኝ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

ታኅሣሥ 4፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፈረቃ ሲቀያየር። ተቆርጧል። ለእትዬ ማን ይነግራታል? ከኔ በቀር ሁሉም።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

አምስተኛ ቅዳሜ ያለ ምሳ። ይህን መቁጠር የጀመርኩት መቼ ነው?

የእህቴ ልጅ ዚፑ ተበላሸ ብላ ኮት ይዛ ሱቅ መጣች። ዚፑ ምንም አልሆነም። ሁለት ጊዜ ከፈትኩት፣ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት።

"ምን ሆነ ዚፑ?"

"ምንም። ጋሼ... እማዬ ለታኅሣሥ 4 ፈረቃዋን ልትቀይር ነው። አለቃዋን ጠይቃለች።"

ክር መርፌ ውስጥ ላስገባ ሞከርኩ፤ አልገባ አለኝ።

"ያን ቀን ለምን እንዳጨበጨበች ታውቃለህ?"

"አለቀ ብላ ነዋ።"

"አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትሄድ አንተን ለይታ ሰምታህ አታውቅም ነበር። እኔንም ትጠይቀኝ ነበር፣ 'የሱ ድምፅ የትኛው ነው? ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚሰማኝ' ትላለች። አንተን መጠየቅ አፈረች። ያን ቀን ግን አንድ ቦታ ላይ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ አንተ ብቻህን... 'ሰማሁት! ሰማሁት!' ብላ ነው። መጨረሻው ይሁን መሀሉ ግድም አልነበራት። ከዚያ..."

ከዚያ የሆነውን አልጨረሰችውም። እኔ አለሁበት።

ኮቱን መለስኩላት። ዚፑን ሰም ቀባሁት፣ ባዶ እጇን እንዳትሄድ። ስትወጣ ሱቁን ዘጋሁና ከመቁረጫው ጠረጴዛ ስር ተቀምጬ አለቀስኩ። ሃምሳ ሊሞላኝ አንድ ዓመት የቀረኝ ሰው። ማንም አላየኝም፣ እዚህ ግን ልጻፈው።

ኅዳር 24፣ ሰኞ

ሦስት ጊዜ ደወልኩላት። አታነሣም።

ታኅሣሥ 2፣ ማክሰኞ

የመጨረሻ ልምምድ። ከዚያ በኋላ መምህርን ጠብቄ፣

"መምህር፣ ጨርቁ እዚያም ይሰቀላል እንዴ?"

"ቦታ ስለተቀየረ ደንብ ይቀየራል?"

"ጨርቁ እኮ... ተቀዷል።"

"የት ጋ?"

"መሀሉ ጋ።"

ትክ ብለው አዩኝ። አርባ ዓመት ሙሉ "የቤት ሥራዬ ጠፋብኝ" ሲባሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ልብስ ሰፊ አይደለህም? አትጠግነውም?"

"ጊዜ የለኝም።"

ኦርኬስትራውን የሚመሩባትን ቀጭን ዘንጋቸውን መያዣዋ ውስጥ ከተቱ። ቀስ ብለው። "እንግዲያው ይቅር" አሉ።

ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ

ከየት ልጀምር...

ቤዙ በዋናው በር አልገባም አለ። አንሶላ በሚያስገቡበት በኋላ በር ነው የገባነው፣ እኔና እሱ፣ በቆሻሻ ልብስ ጋሪ ተጭነን። እሱ ተጭኖ፣ እኔ እየገፋሁ። ቤቱ ይሞቃል። እንፋሎት፣ ሳሙና፣ ነጭ ነጭ ክምር። ሃያ አምስት የሚሆኑ ሴቶችና አራት ወንዶች አሉ፤ የሚወጣው ፈረቃ አልሄደም፣ የሚገባውም ደርሷል።

እትዬ አለች! ፈረቃዋን አልቀየረችም? ወይስ አልቀየሩላትም? ጥግ ላይ ከአንዲት ጎልማሳ ሴት ጋር ሆና አንሶላ ታጥፋለች። በሁለት ጫፍ ይዘው፣ ዘርግተው፣ ተጠጋግተው፣ እንደገና። ወደ እኛ አላየችም።

መምህር ለአለቃዋ፣ "እመቤቴ፣ ያ ማሽን ለግማሽ ሰዓት ቢጠፋልን?" አሏት። ትልቁን ማድረቂያ ነው። ዝዝዝዝዝ ይላል፣ አያባራም።

"አይጠፋም አባቴ። አንሶላ የሚጠብቅ በሽተኛ አለ።"

ጉድ ፈላ። ለመቃኘት ሁሌም የምንነሳው ከኦቦው "ላ" ድምፅ ነው። ኦቦው "ላ"ን ነፋ፤ ከማሽኑ ጋር ተጋጨ፣ ጥርስ ያሳክካል። ማሽኑም "ላ" ለማለት ነው የሚሞክረው፣ ግን ትንሽ ወረድ ይላል። መምህር ሊናደዱ ሲሉ ቧንቧ ሠራተኛው ጆሮውን ማሽኑ ላይ ደገፈ። እዚያ ቤት ቧንቧ ሲያንኳኳ የከረመ ሰው ነው።

"እሱ ከፍ ሊልልን አይችልም" አለ። "እኛ እንውረድለት።"

ለአንድ ማድረቂያ ሠላሳ ሰው ተቃኘ! የኦቦውን አፍ ትንሽ ሳብ አደረገው፣ ፍሉቶቹም እንደዚያው፤ እኛ አውታራችንን አላላን። ሴቶቹ ሥራ አቁመው ያዩን ጀመር። "ማሽናችን ጌታ ሆነ!" አለች አንዷ። ሲገጥም ግን... ሲገጥም ማሽኑ አልተሰማም። ከኛ እንደ አንዱ ሆነ።

የመጀመሪያውን ክፍል ጀመርን። ቤቱ እውነትም ያስተጋባል። ብቻዬን የምወርድበት ስድስት ባር ሲደርስ ወለሉ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ሴቶቹ ደግሞ እጃቸው አላረፈም፤ አንሶላው ከሙዚቃው ጋር ይዘረጋል፣ ይታጠፋል። ሲያልቅ ጭብጨባው ወረደ። ጸጥታ የሚባል ነገር አልነበረም። ጋሪ የደበደቡም አሉ። የመምህርን ትከሻ አየሁ... አልተኮማተረም።

እትዬ አላጨበጨበችም። እጆቿን አንሶላው ስር ከታቸዋለች። አንጀቴን በላችው።

ሁለተኛው ክፍል። ዝግ ያለው፣ ለስላሳው። ዕረፍቴ ደረሰ። ቆሜ ቁልፍ መትከል ጀመርኩ። አንደኛው ሸሚዝ፣ ደህና። ሁለተኛው፣ ደህና። ሦስተኛው ላይ ቀና አለችና አየችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከንፈሯ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። ምን እያለች ነው? እየሰደበችኝ? አራተኛው ሸሚዝ... ሦስት፣ አራት... አምስት ብያለሁ? ስድስት ነኝ? ሰባት...

ገባሁ። በሙሉ ደጋኔ።

ብቻዬን! ቫዮሊኖቹ ትንፋሽ የምታህል ድምፅ በያዙበት ሰዓት። የጎርፍ ያህል ጮኸ፤ ጣሪያውን ነክቶ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ፣ አላልቅ አለ። የመምህር ዘንግ አየር ላይ ቆመች። ሁሉም ቆመ። ዝዝዝዝ፣ ማሽኑ ብቻ።

ከዚያ ከጥግ፦

"ሽሽሽሽ!"

እትዬ ናት። የአንሶላውን ጫፍ ለቃ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ።

ከዚያ ራሷ ቀድማ ፈነዳች። ያ ከልጅነቴ የማውቀው ሳቅ፣ ወገቧን ይዛ የምትስቀው። ቤቱ ሁሉ ተከተላት። ቧንቧ ሠራተኛው እየሳቀ መንፋት አቃተው። መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም... እየሳቅኩ ነበር፣ እያለቀስኩም ነበር።

"አንድ ቁልፍ ዘለልክ!" ብላ ጮኸች። "ሃያ ሰባት ነው የቆጠርከው!"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

"አብሬህ ስቆጥር ነዋ! የሳቸውን ዘንግ እያየሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምቆጥረው ማን መስሎህ ነው? ድምፅህ የትኛው እንደሆነ ባላውቅ መቼ እንደምትገባ ልወቅ ብዬ እኮ ነው።"

"ምን ቁልፍ?" አለች ፋርማሲስቷ። "የምን ቁልፍ ነው?" ይኸው፣ ሚስጥሬ በስልሳ ሰው ፊት ወጣ።

ቤዙን ግድግዳው ላይ ደገፍኩት። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፣ ሦስት ቀን ያጠናሁት። አንዱም አልመጣልኝም።

"እትዬ፣ ይቅር በይኝ" አልኩ። "አጠፋሁ። ጭብጨባሽ ለኔ መሆኑን አላወቅኩም።"

የአንሶላዋን ጫፍ ከመሬት አነሳች። አራገፈችው። "በል ሥራህን ሥራ" አለች። "በሽተኛ ይጠብቃል።" ድምፁ ግን የቁጣ አልነበረም። አውቀዋለሁ።

መምህር ዘንጋቸውን አነሱ። "ከሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ" አሉ፤ ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዘወር ብለው፣ "ልብስ ሰፊያችን አንድ ሸሚዝ አጉድሏል፣ ይቅርታ።"

ሁለተኛው ላይ አራት ሸሚዝ። አልጎደለም። ሃያ ስምንተኛው ላይ እሷ ራሷን ነቀነቀች፣ እኔ ገባሁ።

ታኅሣሥ 6፣ ቅዳሜ

ምሳ። ድንቹ ትንሽ አሯል፤ ስታወራ ረስታው ነው። ሁለት ሳህን በላሁ።

ፈረቃዋን ለምን እንዳልቀየረች ጠየቅኳት። "ቀይሬ ነበር" አለች። "ከዚያ ጠዋት ላይ ሆዴ አልቆርጥ አለ። ይህ ልጅ እኔ ሳልኖር ማን ይቆጥርለታል ብዬ መለስኩት።"

ማታ ሳይሆን ገና ፀሐይ ሳለች ቤት ገብቼ ጨርቁን ዘረጋሁት። መምህርን አስፈቅጃለሁ። "የተቀደደ ነገር ምን ይሠራልኛል" ብለውኛል፣ ሳይስቁ። በምላጭ ክሩን አንድ በአንድ ፈታሁ። አራት ቀን የጠለፍኩት በአንድ ሰዓት አለቀ። ቀይ ክሩ እፍኝ ሞላ። የመርፌው ቀዳዳዎች ግን ቀሩ፤ ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት አሁንም ይነበባል። ይሁን። ለቤዙ ልብስ ገበር አደርገዋለሁ፣ የሚያነበው እሱ ብቻ ይሆናል።

ጥር 5፣ እሁድ

ኮንሰርት፣ በአዳራሻችን። መቶ አሥራ ሁለት ሰው። ማጠቢያ ቤቱ ሁለት ረድፍ ሙሉ መጥቷል። አለቃዋ ሳትቀር። የባንኩ ዘበኛም ባሰፋሁለት ወገብ መጥቷል። ሽማግሌው፣ ያን ጊዜ እጃቸውን አንስተው የመለሱት፣ እሳቸውም አሉ። በር ላይ የተጻፈ ነገር የለም። መምህር ከመጀመራቸው በፊት ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ "አራት ክፍል ነው። ሁለተኛው ዝግ ይላል። ማሳል ይቻላል" አሉ። አበቃ። ሰው ሳቀ፣ ትከሻው ሁሉ ወረድ አለ። የሰው ትከሻ የማየው በሙያዬ ነው፤ አልሳሳትም።

የመጀመሪያው ክፍል አለቀ። ሦስተኛ ረድፍ ዳር ላይ ሰማያዊው ቀሚስ ብድግ አለ። ክንዱን አስፍቼላታለሁ፣ እንደልቧ ታጨብጭብበት። ከኋላዋ ሁለት ረድፍ፣ ከዚያ አዳራሹ። መምህር ምን ያደርጋሉ ብዬ ሳይ... ዘወር ብለው እጅ ነሱ። በሲምፎኒ መሀል! ሽማግሌውም ቆመው ነበር፣ ከሁሉ ዘግይተው ነው ማጨብጨብ ያቆሙት።

ከዚያ ሁለተኛው። አራት ሸሚዜን ተከልኩ። የምትቆጥር ሌላ ሰው እንዳለች ሳውቅ አንድም ቁልፍ አልዘለልኩም። መጨረሻው ላይ ቫዮሊኖቹ እየቀነሱ፣ እየቀነሱ፣ ቤዙ አንዲት ድምፅ ይዞ ይቀራል። ያዝኳት። ለቀቅኳት።

ማንም አላጨበጨበም። መቶ አሥራ ሁለት ሰው። አንድም ሳል የለም፣ አንድም ወንበር አልተንቋቋም። እትዬ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ፊቷ በእንባ ርሶ፣ ቁጭ ብላለች። መምህር ዘንጋቸውን እንደያዙ ቆዩ። ትከሻቸውን አየሁ... አልረሳውም። ይህን ዝምታ አሥራ አንድ ዓመት ሲለምኑት ኖረዋል፣ በጨርቅም አስጠልፈውታል። ዛሬ ማንም ሕዝቡን ዝም በሉ አላለም።

ስንወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ሁለተኛው ላይስ ለምን አላጨበጨብሽም?"

"እኔ ምን አውቄ" አለች። "እጄን ያዘኝ።"

መንገዱ ላይ ነፋስ ነበር። ቤዙን ተሸክሜ፣ እሷ የገበሩን ጠርዝ እንዳይጎተት ከኋላ ይዛልኝ፣ እስከ ቤቷ ድረስ ሄድን። ደጃፉ ላይ ልሰናበታት ስል በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

"ምን ትቆማለህ? ሚስትህን አስገባት እንጂ" አለችኝ። "ብርድ ይመታታል።"